መድኃኒቱን የሚያስገባ ንዝረት

ውሻ ቆዳው ላይ ካንሰር ሲወጣበት የእንስሳት ሐኪሙ የመጀመሪያ ምርጫ ዛሬም ቆርጦ ማውጣት ነው። ማስት ሴል የሚባለውን፣ ውሾችን በብዛት የሚያጠቃውን የቆዳ ካንሰር ጠርጎ ለማውጣት በእጢው ዙሪያ ያለውን ጤነኛ ቆዳ ሁለትና ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ጨምሮ መቁረጥ የተለመደ ነው። ጀርባ ላይ ይህ አይከብድም፤ እግር ወይም የዐይን ቆብ ላይ ግን ለመስፋት የሚተርፍ ቆዳ ከየት ይመጣል? የካንሰር መድኃኒትን ከኤሌክትሪክ ንዝረት ጋር የሚያጣምረው ኤሌክትሮኬሞቴራፒ የገባው በዚህ ክፍተት ነው። አመጣጡም ያልተለመደ ነው፤ ከቤተ ሙከራ አይጥ ወደ ሰው፣ ከሰው ወደ ድመት፣ ከዚያም ወደ ውሻ።

መነሻው ጃፓን ነው። በ1960ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሐማዎ ኡሜዛዋ ከባክቴሪያ ያገኙት ብሊዮማይሲን የተባለ የካንሰር መድኃኒት ሴል ውስጥ ከገባ ዲኤንኤውን ይቆራርጣል። ጣጣው መግባቱ ላይ ነው፤ የሴሉ የስብ ሽፋን በቀላሉ አያሳልፈውም። መጠኑን ቢጨምሩት ደግሞ ሳንባ ይጎዳል።

በ1982 ኤበርሃርድ ኖይማንና ባልደረቦቻቸው በአጭር የኤሌክትሪክ ንዝረት የአይጥ ሴሎችን ሽፋን ለጊዜው ከፍተው ዘረመል አስገቡ። ሽፋኑ ተመልሶ ይዘጋል፤ ሴሉም አይሞትም። በ1987 ኦኪኖና ሞህሪ የተባሉ ጃፓናውያን ንዝረቱንና ብሊዮማይሲንን አጣምረው በአይጥ እጢ ላይ ሞከሩ። በፓሪስ አጠገብ፣ ቪልዡዊፍ በሚገኘው የጉስታቭ ሩሲ ተቋም ደግሞ ሉዊ ሚርና ባልደረቦቻቸው በራሳቸው መንገድ እዚያው ደረሱ። በ1991 የጭንቅላትና የአንገት ካንሰር ያለባቸው ሰዎች የመጀመሪያዎቹ ታካሚዎች ሆኑ። በዚሁ ዘዴ የታከሙ ድመቶች ውጤት የታተመው ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1997 ነው።

የውሻው ታሪክ በሰፊው የተጻፈው ልዩብልያና ውስጥ ነው፤ በእኔ ግምት ምክንያቱ ከሊቅነት ይልቅ ጉርብትና ነው። በዚያች የስሎቬኒያ ከተማ የካንሰር ተቋሙ፣ የኤሌክትሪክ ምሕንድስናና የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲዎች አብረው ይሠሩ ነበር። ናታሻ ቶዞንና ባልደረቦቻቸው በውሾች ፊንጢጣ ዙሪያ የሚወጡ እጢዎችን ሲስፕላቲን የተባለ ሌላ የካንሰር መድኃኒት እየወጉ በንዝረት አከሙ። ቦታው ለቀዶ ሕክምና አስቸጋሪ ነው፤ ጡንቻው ከተጎዳ ውሻው ዐይነ ምድሩን መቆጣጠር ያቅተዋል። በ2009 ያሳተሙት ንጽጽር ደግሞ ኤሌክትሮኬሞቴራፒ በትንንሽ የማስት ሴል እጢዎች ላይ ከቀዶ ሕክምና እንደማይተናነስ አሳየ። ጣልያን ውስጥ ኤንሪኮ ስፑኚኒ በሌላ በኩል መጡ፤ ከቀዶ ሕክምና የተረፈውን ርዝራዥ በንዝረት ማጽዳት።

ለሰው ሕክምና በ2006 የታተመው የአውሮፓ የአሠራር መመሪያ ለእንስሳት ሐኪሞችም መነሻ ሆነ። ውሻው ሙሉ ማደንዘዣ ይሰጠዋል፤ ንዝረቱ ጡንቻን ያንዘፈዝፋልና። ብሊዮማይሲን በደም ሥር ተሰጥቶ ስምንት ደቂቃ ያህል ይጠበቃል። ከዚያ ኤሌክትሮዶቹ እጢው ላይ ተደርገው በየቦታው ስምንት ንዝረት ይለቀቃል፤ እያንዳንዱ 100 ማይክሮ ሰከንድ የሚቆይ፣ ኃይሉም በሴንቲ ሜትር 1000 ቮልትና ከዚያ በላይ። መድኃኒቱ ሴል የመግደል ኃይሉ በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች እጥፍ ይጨምራል። የእጢው ደም ሥሮችም ለጊዜው ስለሚኮማተሩ መድኃኒቱ እዚያው ይታገዳል። በቀጣዮቹ ሳምንታት እጢው ጠቁሮ፣ ቅርፊት ሠርቶ ይረግፋል።

«ምንም ጉዳት የለውም» ብሎ የሚያስተዋውቅ ሐኪም ካለ ግን አትመኑት። ቁስሉ ለመዳን ጊዜ ይወስዳል፤ ትልቅ እጢ በአንድ ዙር ላይጠፋ ይችላል። የማስት ሴል እጢ ሲነካ ሂስታሚን የተባለ ንጥረ ነገር ስለሚለቅ ውሻው አስቀድሞ መከላከያ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ሲስፕላቲንም ለውሻ ቢሆን እንጂ ለድመት ገዳይ ነው፤ አንዱ ዘንድ የሠራውን ሌላው ላይ መገልበጥ አይቻልም።

ዘዴው ዛሬ ብራዚልና አርጀንቲና ደርሷል፤ ቱሉዝ ውስጥ ሳርኮይድ የተባለው የፈረሶች የቆዳ እጢ ታክሞበታል። መድኃኒቱ የቆየ ስለሆነና ጥቂት ስለሚበቃ መስፋፋቱ አይገርምም። ያልተፈታው ጥያቄ ሌላ ቦታ የተሰራጨው ካንሰር ነው፤ ንዝረቱ ያልደረሰበትን እጢ አይነካም። ልዩብልያናዎች በዚያው ንዝረት ኢንተርሉኪን 12 የተባለውን የመከላከያ ፕሮቲን ዘረመል ወደ ውሾች ሰውነት እያስገቡ፣ የገዛ ሰውነታቸው ሩቅ ያለውን ካንሰር እንዲያጠቃ ለማነሣሣት እየሞከሩ ነው።