ስንት ቀረው?

ዋትስአፕ ላይ የወዳጆቻችንን «ስታተስ» ስናይ በፎቷቸው ዙሪያ ያለችውን ቀለበት ሁላችንም እናውቃታለን። ጓደኛችን ሦስት ነገር ከለጠፈች ቀለበቷ ለሦስት ትቆረጣለች። ሰርግ ውላ ሠላሳ ፎቶ የለጠፈች ቀን ደግሞ ቀለበቷ ነጠብጣብ ትመስላለች። ያየነው ቁራጭ ይገረጣል፣ ያላየነው ቀለሙን ይዞ ይጠብቀናል። ይህ ስታተስ የመጣው በ2017 ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው)። በተከፋፈለ ቅስት «እዚህ ደርሰናል፣ ይህን ያህል ይቀራል» ማለት ግን ከስልክም ከኮምፒውተርም በፊት የነበረ ነገር ነው።

ከሊፍት እንነሳ። የኤሊሻ ኦቲስ የሰው ሊፍት ኒውዮርክ ብሮድዌይ ላይ ባለ አምስት ፎቅ መደብር ውስጥ ሥራ የጀመረው በ1857 ነበር። ፎቅ ሲረዝም ታች ቆሞ መጠበቅም ይረዝማል። ኋላ ላይ ከሊፍቱ በር በላይ የግማሽ ክብ ሰሌዳ መሰቀል ጀመረ። በቅስቱ ላይ የፎቆቹ ቁጥር ተደርድሯል፣ አንዲት ጠቋሚ ከቁጥር ወደ ቁጥር ትሄዳለች። ጥቁርና ነጭ የሆሊውድ ፊልም ያየ ሰው ያስታውሳታል። ሰሌዳው ሊፍቱን በአንዲት ሰከንድ እንኳ አላፈጠነውም። ጠባቂው ግን ሊፍቱ ሰባተኛ ላይ መሆኑን አይቶ ወይ ጋዜጣውን ይገልጣል፣ ወይ በደረጃው ይወጣል። እኛን የሚማርከን ደግሞ ጠቋሚዋ የምትንቀሳቀሰው ሊፍቱ ሲንቀሳቀስ ብቻ መሆኑ ነው። ሊፍቱ ቆሞ እሷ ብቻዋን አትሄድም።

ኮምፒውተር ሲመጣ ይህ ገመድ ላላ። በ1985 ብራድ ማየርስ፣ ያኔ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረ፣ 48 ሰዎችን የሂደት መስመር ካለውና ከሌለው ፕሮግራም ጋር አሠርቶ ጠየቃቸው። 86 ከመቶው መስመሩን ወደዱት። የሚገርመው፣ መስመሩ ትክክል ባይሆንም ከምንም ይሻላል ማለታቸው ነው። መቼም ሶፍትዌር ሠሪ ይህን ከሰማ በኋላ ምን ያድርግ? በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ሲነሳ ሦስት ሰማያዊ ብሎኮች ከግራ ወደ ቀኝ ይሮጡ ነበር። ይሮጣሉ እንጂ ስንት እንደቀረ አይናገሩም። ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ በደቂቃ እየከፈለ ያፈጠጠባቸው ሁሉ ምስክር ነው። በ2010 ደግሞ ክሪስ ሃሪሰንና ባልደረቦቹ በመስመሩ ውስጥ ወደ ኋላ የሚሄድ ሰንበር ቢጨመር ጥበቃው 11 ከመቶ ያጠረ እንደሚመስል አሳዩ። ሥራው ያው፣ ጊዜውም ያው!

ስልክ ላይ ቅስቱ የተመለሰው ቦታ ስለሚቆጥብ ይመስለናል። 2 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ቦታ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ከ2 ሴንቲሜትር አያልፍም። ክብ ሲደረግ ግን ከ6 ይበልጣል። መሃሉም ለቁጥር ወይም ለፎቶ ክፍት ነው። የመቁረጡ ሂሳብ ቀላል ነው፦ ባለ 270 ዲግሪ ቅስት ለአምስት ሲከፈል በመካከሉ አራት ክፍተት ይኖራል። ለያንዳንዱ ክፍተት 6 ዲግሪ ብንሰጥ 24 ይሄዳል፣ የቀረው 246 ለአምስት ሲካፈል እያንዳንዱ ቁራጭ 49.2 ዲግሪ ይሆናል። ማንኛውም ጀማሪ ፕሮግራመር በአንድ ከሰዓት ይሠራዋል።

የሚከብደው ቁራጩ ምን ማለት እንደሆነ መወሰኑ ነው። የገንዘብ መላኪያ አፕ ምዝገባ እንውሰድ፦ ስልክ ቁጥር፣ መታወቂያ፣ የፊት ፎቶ፣ የሚስጥር ቁጥር፣ ማረጋገጫ። አምስት ሥራ፣ አምስት ቁራጭ። ቁራጭ የሚሞላው ሥራው አልቆ ሰርቨሩ «ደርሶኛል» ሲል ከሆነ ቅስቱ የሊፍቱ ሰሌዳ ነው። በየሦስት ሰከንዱ በራሱ የሚሞላ ከሆነ ግን የኤክስፒ ብሎክ ነው፣ ያውም ቆንጆ ቀለም የተቀባ። ለነገሩ አምስቱ ቁራጮች እኩል ቢሆኑም ሥራዎቹ እኩል አይደሉም። ቁጥር ለመላክ ሰከንድ ይበቃል፣ ፎቶ ግን በደካማ ኔትወርክ ደቂቃዎች ይፈጃል። ያኔ ሦስተኛው ቁራጭ ሳይሞላ ይቆማል። ይቁም! ከሥሩ «ፎቶው እየተላከ ነው» የሚል ጽሑፍ ይበቃዋል።

ኔትወርኩ ጭራሽ ሲቋረጥስ? ሁለቱ የተሞሉ ቁራጮች እንደተሞሉ ይቆዩ፣ ሰውየው ሲመለስ ከሦስተኛው ይቀጥል። ብዙ አፕ እዚህ ጋ ቅስቱን አጥፍቶ እንደገና ስልክ ቁጥር ይጠይቃል።