ሙቀትና ቅዝቃዜ በኦርጋኒክ ኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች ላይ የሚያሳድሩት ተጽዕኖ፦ ለተገልጋዮች የተዘጋጀ ማብራሪያ

በብዙ ስማርት ስልኮች ስክሪን፣ እንዲሁም በየመሥሪያ ቤቱና በየፎቶ ኮፒ ቤቱ በሚገኙ አብዛኞቹ የማባዣና የሌዘር ማተሚያ ማሽኖች ውስጥ የኤሌክትሪክ ሙል የሚጓዘው በብረትና በሲሊከን ብቻ ሳይሆን ካርቦንን መሠረት ባደረጉ ኦርጋኒክ ቁሶች ጭምር ነው። እነዚህ ቁሶች ለሙቀት ለውጥ የሚሰጡት ምላሽ ከብረት የተለየ ነው። ይህ ማብራሪያ የልዩነቱን ምክንያትና ተገልጋዮች ሊያደርጉት የሚገባውን ጥንቃቄ ያስረዳል።

1. ቅርጸ-አልባ ኦርጋኒክ ቁስ ምንድን ነው?

በክሪስታል ውስጥ አተሞች ወይም ሞለኪውሎች በወጥ ሥርዓት ተደርድረው ይገኛሉ። ቅርጸ-አልባ በሚባለው ቁስ ውስጥ ግን፣ እንደ መስታወት ሁሉ፣ አደራደራቸው ወጥነት የለውም። አንዱ ሞለኪውል ወደ ጎረቤቱ ቀርቦ፣ ሌላው ርቆ፣ ሌላው ደግሞ አዘንብሎ ይቀመጣል። ሞለኪውሎቹ እርስ በርሳቸው የተያያዙትም በደካማ ኃይል ስለሆነ፣ ኤሌክትሮን በመላው ቁስ ተሰራጭቶ አይገኝም፤ በአንድ ሞለኪውል ላይ ተወስኖ ይቆያል። የቁሶች ሥርዓት አልባነት ኤሌክትሮንን በአንድ ቦታ ሊያስቀር እንደሚችል ፊሊፕ አንደርሰን በ1958 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል። በዚህና በተያያዙ ሥራዎች እርሳቸው፣ ኔቪል ሞትና ጆን ቫን ቭሌክ የ1977 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ የኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል።

2. ሙል በውስጡ እንዴት ይጓዛል?

ጉዞው በዝላይ ነው። ድልድይ የሌለውን ወንዝ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ የሚሻገር ሰው ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ድንጋዮቹ እኩል አይራራቁም፤ ከፍታቸውም አንድ ዓይነት አይደለም። ሙሉም እንዲሁ ከሞለኪውል ወደ ሞለኪውል ይዘልላል። ወደ ዝቅተኛ የኃይል ደረጃ መዝለል ቀላል ነው። ወደ ከፍተኛ ደረጃ ለመዝለል ግን ተጨማሪ ኃይል ያስፈልገዋል፤ ይህን ኃይል የሚያገኘው ከቁሱ ሙቀት፣ ማለትም ከሞለኪውሎቹ ንዝረት ነው።

ስለሆነም ጉዞው አዝጋሚ ነው። በንጹሕ የሲሊከን ክሪስታል የኤሌክትሮን ተንቀሳቃሽነት 1,400 ሳንቲ ሜትር ካሬ በቮልት ሴኮንድ ገደማ ሲሆን፣ በብዙ ቅርጸ-አልባ ኦርጋኒክ ቁሶች ግን ከ0.001 አይበልጥም። ይህ ሆኖ ሳለ ቁሶቹ ተፈላጊ የሆኑት በሰፊ ገጽ ላይ በቀጭኑና ወጥ በሆነ መልኩ ሊለበጡ ስለሚችሉ ነው። በኦሌድ ስክሪን ውስጥ ያሉት ኦርጋኒክ ንብርብሮች ተደምረው ከአንድ ማይክሮ ሜትር ስለሚያንሱ፣ አዝጋሚው ጉዞ በአጭር ርቀት ይካሳል።

3. ሙቀት ሲለወጥ ምን ይሆናል?

መዳብ በሞቀ ቁጥር የኤሌክትሪክ ተቃውሞው በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ በ0.4 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ የአተሞቹ ንዝረት የኤሌክትሮኖቹን ጉዞ ያሰናክላልና። በቅርጸ-አልባ ኦርጋኒክ ቁስ የሚታየው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ንዝረቱ ለዝላዩ የሚያስፈልገውን ኃይል ስለሚሰጥ፣ ሙቀት ሲጨምር ሙሉ ይፈጥናል።

የለውጡ መጠን በሞለኪውሎቹ የኃይል ደረጃ መበታተን ላይ ይመሠረታል። ብዙ ጊዜ በሚያጋጥመው የ0.1 ኤሌክትሮን ቮልት መበታተን፣ ሃይንስ ቤስለር ባዳበሩት ሞዴል ቢሰላ፣ ሙቀቱ ከ0 ወደ 40 ዲግሪ ሲወጣ ተንቀሳቃሽነቱ ሰባት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ሙቀቱ እጅግ ዝቅ ሲል ደግሞ ሙሉ ቅርብ ወደሆነው ሞለኪውል ከመዝለል ይልቅ፣ ራቅ ቢልም በኃይል ደረጃ ወደሚቀራረበው መዝለልን ሊመርጥ ይችላል። ይህን ያስረዱት ኔቪል ሞት ናቸው።

4. በመሣሪያዎች ላይ እንዴት ይገለጣል?

ሀ. ማባዣና ማተሚያ ማሽን። የድራሙ ገጽ በኤሌክትሪክ ይሞላል፤ ብርሃን የነካው ክፍል ሙሉን ይለቅቃል። በሌዘር ማተሚያ ቶነር የሚይዘው ይህ የለቀቀው ክፍል ነው። ድራሙ በጣም ከቀዘቀዘ ሙሉ በወቅቱ ወጥቶ ስለማያልቅ ጽሑፉ ሊደበዝዝ ይችላል። በጣም ከሞቀ ደግሞ ብርሃን ያልነካው ክፍልም ሙሉን ማፍሰስ ይጀምርና ወረቀቱ ላይ ግራጫ ጥላ ሊታይ ይችላል። ዘመናዊ ማሽኖች ይህን ለማስተካከል የሚያስችል ሥርዓት ቢኖራቸውም፣ አቅሙ ገደብ አለው።

ለ. የኦሌድ ስክሪን። ሙቀት ሙሉን ቢያፈጥንም ከልክ ሲያልፍ ቁሱን ይጎዳል። ቅርጸ-አልባ ቁስ ከተወሰነ ሙቀት በላይ ይለሰልስና ሞለኪውሎቹ ቦታ ይለውጣሉ፤ ይህም ቋሚ ጉዳት ነው። በቀድሞ ኦሌዶች ይሠራበት የነበረው ቲፒዲ የተባለ ቁስ የሚለሰልሰው በ65 ዲግሪ ገደማ ነው። በኋላ የመጣው ኤንፒቢ 95 ዲግሪ ገደማ ድረስ ይቋቋማል።

5. ተገልጋዮች ሊያደርጉት የሚገባ ጥንቃቄ

• ስልክዎን ፀሐይ በሚመታው መኪና ውስጥ ወይም በመስኮት ሥር አይተዉ። የስልክዎን የአሠራር ሙቀት በአምራቹ መመሪያ ያረጋግጡ፤ ለአንዳንድ ስልኮች ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ነው። ይህ ምክር እንደ አፋር ባሉ ሞቃታማ ቆላማ አካባቢዎች ለሚኖሩ ይበልጥ ያስፈልጋል።

• ሌሊት ውርጭ በሚጥልባቸው ደጋማ አካባቢዎች ማሽኑ ጠዋት እንደተከፈተ አስፈላጊ ሰነድ አያባዙ፤ ክፍሉና ማሽኑ እስኪሞቁ ይጠብቁ።

• ከቀዝቃዛ ወደ ሞቃት ክፍል የገባ ማሽን ወይም ድራም ጤዛ ሊይዝ ስለሚችል፣ እስኪደርቅ ድረስ አይጠቀሙበት።

• መለዋወጫ ድራም ለብርሃን አያጋልጡ፤ በማሸጊያው ውስጥ እንዳለ በቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ያስቀምጡ።

• የልደት ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ ወይም የመታወቂያ ቅጂ ከማቅረብዎ በፊት ስም፣ ቀን፣ ቁጥርና ማኅተም በግልጽ መነበባቸውን ያረጋግጡ። የደበዘዘ ቅጂ ተቀባይነት ሊያጣና ባለጉዳዩን ለተጨማሪ ምልልስ ሊዳርግ ይችላል።

የደበዘዘ ቅጂ ሁሉ ግን በአየር ሁኔታ የመጣ አይደለም። ማሽኑ ከሞቀ በኋላም ችግሩ ከቀጠለ መንስኤው የቶነር ማለቅ ወይም የድራም ማርጀት ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ እንዲያየው ያድርጉ።