ቅጥርና ደጅ፤ ስለ ጣራ ገዳም ደንና ስለ እግር መንገድ

በቀድሞው የበጌምድር ጠቅላይ ግዛት፥ በዛሬው የደቡብ ጎንደር ዞን፥ ከአዲስ ዘመን ከተማ በላይ ባለው ተራራ ላይ ጣራ ገዳም ይገኛል። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው በመንገዱ ዳር የሚያየው አብዛኛው አገር የታረሰና የተመነጠረ ሲሆን፥ የገዳሙ ተራራ ግን ወይራውንና ጽዱን እንደ ለበሰ ይታያል። ይህ ደን ስለ ምን ተረፈ ቢሉ፥ የመልሱ አንድ ክፍል ወደ ገዳም በእግር በሚወጣው ሰው ሥርዓት ውስጥ ይገኛል።

የደጋው ሰው ሁለት ዓይነት መንገድ ያውቃል። አንደኛው የንጉሥ መንገድ ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ አለቱ እየተፈለጠ፥ ገደሉ እየተናደ መንገድ ተሠራ። ሁለተኛው የተሳላሚ መንገድ ነው፤ ይኸኛው ተራራውን ሳይንድ በእግር ልክ ይወጣል። ተሳላሚው ስንቁን ቋጥሮ፥ ዱላውን ይዞ ይሄዳል፤ ከደጁ ሲደርስ በበቅሎ የመጣው ይወርዳል፤ ወደ ቤተ መቅደሱ ሲገባ ጫማውን ያወልቃል። በቅጥሩ ውስጥ ዛፍ መቁረጥ ግን እንደ ድፍረት ይቆጠራል። እንግዲህ መግባትና መጠበቅ በአንድ ሥርዓት ተያይዘዋል።

ይህንን ከእንግሊዝ አገር ታሪክ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። በዚያ አገር በተለይ ከ18ኛው ምዕት ዓመት ጀምሮ የጋራ የነበረው መሬት በፓርላማ ሕግ እየታጠረ ለባለርስቶች ሆነ። ኪንደር ስካውት የተባለውም ደጋ ለወፍ አደን ስለ ተከለለ፥ የማንቸስተር ሠራተኞች በዕረፍታቸው ቀን ሊራመዱበት አልተፈቀደላቸውም። በ1924 ዓ.ም. (1932 እ.ኤ.አ.) ብዙ መቶ ሰዎች ክልከላውን ጥሰው ወጡ፤ አምስቱም እስራት ተፈረደባቸው። የብሔራዊ ፓርኮች ሕግ በ1942 ዓ.ም. ወጣ፤ ፒክ ዲስትሪክትም በ1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው ፓርክ ሆነ። ባልታረሰው ደጋ ላይ በነጻ የመራመድ ሰፊው መብት የታወጀው ግን ገና በ1993 ዓ.ም. (2000 እ.ኤ.አ.) ነው።

በእኛም አገር የስሜን ተራሮች ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተቋቁሞ፥ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በዚያ ግን ጎብኚው ሲገባ ነባሩ ገበሬ ወጣ፤ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል።

የደቡብ ጎንደር ደብሮች ሌላ መንገድ ያሳያሉ። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ የቤተ ክርስቲያንን ሰፊ ይዞታ ከወሰደ በኋላ፥ ለዛፉ የቀረለት ዋና ጠባቂ የምእመኑ አክብሮት ነበር። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በእነዚህ ደኖች ላይ ባደረጉት ጥናት፥ ከብት በማይገባበት ስፍራ ችግኝ የበለጠ እንደሚያድግ አሳይተዋል። ከዚህም የተነሣ ካህናቱና ምእመናኑ ከእርሻቸው የለቀሙትን ድንጋይ እየካቡ በልዩ ልዩ ደብሮች ዙሪያ ቅጥር ሠሩ። የእንግሊዝ አገር ቅጥር በግን አስገብቶ ሰውን አስወጣ፤ ይህ ቅጥር ከብትን አስወጥቶ ሰውን በደጁ ያስገባል።

ነገር ግን ድንጋዩ ብቻውን ጠባቂ አይሆንም፤ ደጁን የሚያስከብረው ልማድ ከተረሳ ቅጥሩን መዝለል ቀላል ነው። ይህም ልማድ በአብዛኛው የሚኖረው በሽማግሌዎችና በመነኮሳት አፍ ነው። ስለዚህ ተማሪዎቻችን ወደየገዳማቱ በእግራቸው ወጥተው፥ የመንገዶቹን ስም፥ የማረፊያ ዛፎቹንና የየደጁን ሥርዓት ከነባለቤቶቹ ቃል ቢጽፉ፥ ለታሪክም ለደኑም ይበጃሉ።