ሬሃይፍ እና ዩናይትድ ስቴትስ

በአሜሪካ በጦር መሣሪያ ለተከሰሱ ሰዎች «አላውቅም ነበር» የሚለውን መከላከያ ያጠናከረ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የተሰጠ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። ተከሳሹ በተማሪ ቪዛ የገባ የውጭ ዜጋ ሲሆን፣ ውጤቱ በማሽቆልቆሉ ፍሎሪዳ ውስጥ የሚማርበት ዩኒቨርሲቲ አሰናበተው፤ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ካልተዛወረ የመኖሪያ መብቱ እንደሚቋረጥም ነገረው። እሱ ግን እዚያው ቆየ። አንድ ቀን ተኩስ መለማመጃ ሄዶ ተኮሰ፤ በዚሁ 18 ወር ተፈረደበት።

የፌዴራል ሕጉ ያለ ፈቃድ በአገሪቱ የሚኖር የውጭ ዜጋ መሣሪያ እንዳይዝ ይከለክላል። የሥር ፍርድ ቤቱ ዳኛ ተከሳሹ ያለ ፈቃድ መቆየቱን ማወቁ መረጋገጥ እንደማያስፈልገው ለጁሪው ነግረው ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ7 ለ2 ድምፅ ይህን ሻረ፦ ዐቃቤ ሕግ ተከሳሹ መሣሪያ መያዙን ብቻ ሳይሆን ከተከለከሉት ወገን መሆኑንም እንደሚያውቅ ማስረዳት አለበት። ክልከላውን አለማወቅ ግን ዛሬም አያድንም፤ ልዩነቱ ቀጭን ነው።

በ2021 ይኸው ፍርድ ቤት የሰጠው የግሪር ውሳኔ በሩን አጠበበው፦ ሕጉ መሣሪያ ከሚከለክላቸው አንዱ የሆነው የቀድሞ ወንጀለኛ፣ በችሎት ጊዜ ነጥቡን ሳያነሳ ከቀረ በይግባኝ ብዙም አይጠቀምበትም። 10 ዓመት የነበረው የቅጣት ጣሪያም በ2022 ወደ 15 ከፍ ብሏል።