የሥልጠናው ወጪና የማግስቱ እንጀራ

የአገራችን የጤና አገልግሎት ታሪክ ሲጻፍ ሰፊውን ቦታ የሚይዘው የሆስፒታሎች ምረቃና የታላላቅ ሐኪሞች ሥራ ነው። ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ነፍሰ ጡርን የሚመክሩ፥ ሕፃናትን የሚያስከትቡ፥ ስለ ንጽሕና የሚያስተምሩ ሴቶች እንዴት እንደ ሠለጠኑ፥ ወጪያቸውንም ማን እንደ ሸፈነ ግን እምብዛም አይወሳም። ጽሑፋችን የሚያተኩረው በዚሁ ላይ ነው፤ ዋነኛ ምሳሌውንም ከምዕራብ አዲስ አበባ፥ ከኮልፌ ቀራንዮ ይወስዳል።

ኮልፌ ቀራንዮ ለሥልጠና እንግዳ አይደለም። በ1920ዎቹ ተመሥርቶ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም በታወቀው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ግቢ፥ በ1958 ዓ.ም. አለርት ሲቋቋም ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች የመጡ ሐኪሞችና የመስክ ሠራተኞች ይሠለጥኑበት ጀመር። ለዚህም መንግሥትና የውጭ በጎ አድራጎት ማኅበራት ተባብረዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ሲከፈት የዓለም ጤና ድርጅት፥ ዩኒሴፍና «ፖይንት ፎር» የተባለው የአሜሪካ እርዳታ እጃቸውን ዘርግተው ነበር። ከጎንደር የወጡት የጤና መኮንኖች፥ የኅብረተሰብ ነርሶችና ሳኒተሪያኖች ግን ከምረቃ በኋላ የመንግሥት ደመወዝተኞች ሆኑ። ሥልጠናው በእርዳታ ቢታገዝም ኑሯቸው በእርዳታ ላይ አልተንጠለጠለም።

ነገሩ የተለወጠው ከአልማ አታ ጉባኤ በኋላ ነው። መግለጫው የጸደቀው ልክ በ1971 ዓ.ም. ዘመን መለወጫ ሰሞን ነበር። በአገራችንም የጤና ወኪሎችና የልምድ አዋላጆች በብዛት እንዲሠለጥኑ ተወሰነ። ወኪሉ በገበሬ ማኅበሩ ወይም በቀበሌው ተመርጦ ሦስት ወር ያህል ይማራል፤ የልምድ አዋላጇ ደግሞ ከዚያ ባነሰ ጊዜ እጅዋን በሳሙና መታጠብን፥ እትብትን በንጹሕ ምላጭ መቁረጥንና በንጹሕ ክር ማሰርን፥ አስጊ ምልክት ያየችባትን ወላድ ወደ ጤና ጣቢያ መላክን ትማራለች። ሐሳቡ መልካም ነበር። ይሁን እንጂ ከወኪሎቹ የሚበዙት ወንዶች በመሆናቸው አንዲት እናት የማኅፀኗን ነገር ገልጣ ለመናገር ታፍራለች፤ ምስጢሯን የምታውቀው አዋላጅ ደግሞ ከሁሉም ያነሰ ትምህርት የተሰጣት ነበረች። ከሁሉ የከፋው ለሥልጠናው ገንዘብ ሲገኝ ለማግስቱ አለመገኘቱ ነው። ወኪሉን ማኅበሩ ይደግፈዋል ተብሎ ታሰበ፤ ማኅበሩ ግን የራሱም አቅም የሳሳ ነበር። ስለዚህ ብዙዎቹ መድኃኒት ሳጥናቸውን ዘግተው ወደ እርሻቸው ተመለሱ። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሲመጣና ማኅበራቱ ሲዳከሙ የቀሩትም ደጋፊ አጡ። አንዳንዶች ይህን የወኪሎቹ ስንፍና አድርገው ሲያወሩ ይሰማል፤ እኛ ግን ያለ እንጀራ የሚሠራ ሰው ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችል ነበር ብለን አናምንም።

በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር መንግሥት ከዚህ የተማረ ይመስላል። 10ኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች ተመርጠው አንድ ዓመት ሠለጠኑ፤ ለአንድ የገጠር ቀበሌ ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ፤ ከሁሉም በላይ ደመወዝ ተቆረጠላቸው። ቁጥራቸውም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ30,000 በላይ ደረሰ። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት በ1992 ዓ.ም. ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 የነበረው የእናቶች ሞት በ2008 ዓ.ም. ወደ 412 ወርዷል። ይህን ሁሉ ለእነርሱ ብቻ መስጠት ግን ማጋነን ይሆናል፤ መንገዱም፥ ጤና ጣቢያውም፥ የሴቶች ልጆች ትምህርትም ድርሻ አላቸው።

የከተማው ተራ በ2002 ዓ.ም. ደረሰ። በአዲስ አበባ ለዚህ ሥራ የተመደቡት በክሊኒካል ነርስነት የተመረቁ ሲሆኑ፥ ተጨማሪ የጥቂት ወራት ሥልጠና ወስደው አንዷ ለ500 ቤተሰብ ያህል እንድታገለግል ተደረገ። ፕሮግራሙን በማጠናከር ረገድ የአሜሪካ እርዳታ ድርጅት ዩኤስኤይድ ድጋፍ ሰጥቷል። ኮልፌ ቀራንዮ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ400,000 በላይ ሕዝብ የነበረው ክፍለ ከተማ ነው። (በነገራችን ላይ ክፍለ ከተማው «አየር ጤና» እና «ዓለም ባንክ» የተባሉ ሰፈሮች አሉት፤ ጤናና አበዳሪ ቢያንስ በስም ተጎራብተዋል።) በዚህ ሰፈር የምትዞር ባለሙያ ችግሯ ከገጠሯ ባልደረባዋ ይለያል። የቀን ሠራተኛዋና ጉሊት ቸርቻሪዋ ማለዳ ወጥታ ማታ ስለምትገባ በሩ ተዘግቶ ይጠብቃታል፤ በባለጸጋው በር ደግሞ ዘበኛ ይመልሳታል። ወሊድን በተመለከተ በ2008 ዓ.ም. ጥናት ከአዲስ አበባ እናቶች 97 ከመቶ የሚሆኑት በጤና ተቋም ይወልዱ ስለ ነበር፥ የከተማዋ ሴት ቀሪ ጣጣ የደም ግፊት፥ የስኳር በሽታና የማኅፀን በር ካንሰር ነው። እነዚህን በምክር ብቻ ማወቅ አይቻልም፤ መለኪያ መሣሪያና የሚቀበል ጤና ጣቢያ ይሻሉ።

ያም ሆኖ የቀድሞው ልማድ ጨርሶ አልቀረም። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ የሴቶች ልማት ሠራዊት ሲደራጅ፥ አንዲት ሴት አምስት ጎረቤቶቿን እንድታስተባብርና ትምህርቱን እንድታደርስ ታዘዘች፤ ደመወዝ ግን አልታሰበላትም። ከሠላሳ ዓመት በፊት በወንዱ ወኪል ያልሠራው ነገር በሴቷ ይሠራል ተብሎ መታመኑ የሚያስገርም ነው።

በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያግድ፥ ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ አደረገ። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በመንግሥት በጀት የሚተዳደሩ በመሆናቸው ትእዛዙ እነርሱን አልነካም። የአንድ ለአምስቷን ሴት በተመለከተ ግን የሚቋረጥ ውል አልነበራትም።