ረጅሙን የውድድር ዘመን መጨረስ፦ የተጫዋች ልፋት፣ ዕረፍትና ማዕድ በደጋው እግር ኳስ

የእግር ኳስ የውድድር ዘመን በአገራችን ክረምቱ ሲወጣ ተጀምሮ ቀጣዩ ክረምት እስኪገባ ይዘልቃል። በመክፈቻው ሳምንታት ተመልካችን ያስደመመ ወጣት በሚያዝያና በግንቦት ከሜዳ ዳር ተቀምጦ ጓደኞቹን ሲመለከት ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የልምምድ ማነስ ወይም የፍላጎት መጉደል ተደርጎ ይወሰዳል። እውነታው ግን በአብዛኛው ሌላ ነው፤ ድካሙ ሳይለካ ተከማችቶ፣ ዕረፍቱም ሳይታቀድ ቀርቶ ነው። ከደብረ ታቦር እስከ አዲስ ዘመንና ጣራ ገዳም በተዘረጋው የደቡብ ጎንደር ደጋ በክለብና በትምህርት ቤት ቡድን ለሚጫወቱ ወጣቶች ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በወጉ ያልዳነ አንድ የጭን ጡንቻ ጉዳት ወደ ትልቁ ሊግ የሚወስደውን መንገድ ሊዘጋ ይችላልና።

የሊጉ አካሄድ ያሳየው

የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በ2013 ዓ.ም የውድድር ዘመን አዲስ አካሄድ ተከተለ። ቡድኖች በየሜዳቸው እየተቀባበሉ መጫወታቸው ቀርቶ በአንድ ከተማ ተሰባስበው ለሳምንታት መወዳደር ጀመሩ። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ በየተራ አስተናገዱ። የተሳታፊዎቹ ቁጥር 13 ስለነበር እያንዳንዱ ቡድን ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ 24 ጨዋታ አድርጓል። ዋንጫውን በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነሣው የጎንደሩ ፋሲል ከነማ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ተሳታፊዎቹ 16 ሲሆኑ የእያንዳንዱ ቡድን ጨዋታ ወደ 30 ከፍ ብሏል።

ይህ አካሄድ ረጅም የመኪና ጉዞን ቢቀንስም በጨዋታዎች መካከል ያለውን ጊዜ ያጠብባል፤ ተጫዋቹንም ከለመደው አየር፣ ምግብና መኝታ ያርቃል። ውጤት ሲያምር ደግሞ ዓመቱ ይበልጥ ይረዝማል። በ2015 ዓ.ም ሊጉን በሁለተኛነት ያጠናቀቀው ባሕር ዳር ከተማ ለካፍ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ በመብቃቱ ክረምቱ ሳይወጣ በነሐሴ ወደ ውድድር ተመልሷል። የታንዛኒያውን አዛም ጥሎ ካለፈ በኋላ በቱኒዚያው ክለብ አፍሪካን ተሸንፎ ተሰናብቷል። እንዲህ ባለ ሁኔታ የሚገኝ ቡድን ለዕረፍትም ለዝግጅትም የሚተርፈው ጊዜ አጭር ነው።

አንድ ጨዋታ ከሰውነት የሚወስደው

አንድ የሜዳ ተጫዋች በ90 ደቂቃ ውስጥ በአማካይ ከ10 እስከ 13 ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። ከርቀቱ ይልቅ ሰውነትን የሚጎዳው በድንገት መፈትለክ፣ በድንገት መቆም፣ መዞርና መጋጨት ነው። በእነዚህ እንቅስቃሴዎች የጡንቻ ክሮች ይሰነጣጠቃሉ፤ ጡንቻ በማገዶነት የሚጠቀምበት ግላይኮጅን የተባለው የስኳር ክምችትም ይሟጠጣል። ክምችቱ ተመልሶ እስኪሞላና ጡንቻው እስኪያገግም ከ48 እስከ 72 ሰዓት ያስፈልጋል። በእሑድ የተጫወተ ሰው ማክሰኞ ደኅና ነኝ ቢልም ሰውነቱ ገና በጥገና ላይ ነው ማለት ነው።

አስቸጋሪው ነገር ይህ ድካም ሁልጊዜ በዓይን የማይታይ መሆኑ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 የታተመ አንድ ጥናት በአንድ ታላቅ የአውሮፓ ክለብ ተጫዋቾች ላይ በሳምንት አንድ ጨዋታና በሳምንት ሁለት ጨዋታ የሚያስከትሉትን ለውጥ አነጻጽሯል። የሮጡት ርቀትም ሆነ የፈተለኩት ብዛት ጉልህ ልዩነት አላሳየም። ጉዳቱ ግን በሳምንት አንድ ጊዜ ሲጫወቱ በ1,000 ሰዓት 4.1 የነበረው፣ ሁለት ጊዜ ሲጫወቱ ወደ 25.6 አሻቅቧል። አሰልጣኙ ከሜዳ ዳር ሆኖ ተጫዋቹ እንደወትሮው መሮጡን ቢያይም፣ የመጎዳት ዕድሉ በስድስት እጥፍ ያህል ጨምሮ ነበር። በዚህ ምክንያት የተጫዋቹን ድካም በሩጫው ብቻ መፍረድ አይበቃም።

የደጋው ጸጋና ፈተና

ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ ሳንባ የሚያገኘው የኦክስጅን ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ከሩብ በላይ ያነሰ ነው። በደጋ ተወልዶ ያደገ ሰው ሰውነቱ ይህን ለምዶታል፤ ከቆላ የመጣ ተጋጣሚ ግን ትንፋሽ ያጥረዋል። የከፍታ ጉዳይ በዓለም እግር ኳስ ዘንድ ሲያከራክር ኖሯል። ፊፋ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 ከ2,500 ሜትር በላይ ዓለም አቀፍ ጨዋታ እንዳይደረግ ከልክሎ ነበር፤ የደቡብ አሜሪካ ደጋማ አገሮች ተቃውሞ ከበረታ በኋላ በ2008 እገዳውን አቁሟል።

ከፍታ ግን ዋጋም ያስከፍላል። በስስ አየር ውስጥ ተጫዋቹ ፈጣን ሩጫን ደጋግሞ መሮጥ ስለሚከብደው እግሩ ለጨዋታ የሚያስፈልገውን ፍጥነት በበቂ ሁኔታ ላይለማመድ ይችላል። በ1997 የታተመ የአሜሪካ ጥናት በ2,500 ሜትር እየኖሩ በ1,250 ሜትር የተለማመዱ ሯጮች የ5,000 ሜትር ሰዓታቸውን ማሻሻላቸውን አሳይቷል። ደቡብ ጎንደር ለዚህ ዓይነቱ አሠራር የተመቸ መልክዓ ምድር አለው። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ወርዶ በ1,800 ሜትር ገደማ በተንጣለለው የፎገራ ሜዳ አልፎ አልፎ የፍጥነት ልምምድ ማድረግ ይቻላል።

እንደ ጣራ ገዳም ባሉ ተዳፋት አካባቢዎች ሽቅብ መሮጥ የእግርን ጉልበት ያጠነክራል። ቁልቁል መሮጥ ግን ጡንቻው እየተለጠጠ ኃይል እንዲያወጣ ስለሚያስገድደው ለሁለትና ለሦስት ቀን የሚቆይ ሕመም ያመጣል። በመሆኑም የተራራ ሩጫ ለቅድመ ውድድር ዝግጅት እንጂ ለጨዋታ ዋዜማ አይሆንም።

የደጋው ልጅ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳላት ድሬዳዋ ሲወርድ የሚገጥመው ፈተና ደግሞ ሙቀት ነው። አየሩ ኦክስጅን ቢጨምርለትም ሰውነቱ ሙቀቱን እስኪለምድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ቀድሞ መድረስ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልምምድን ማሳጠርና የውኃ መጠንን መጨመር ተገቢ ነው።

የሳምንቱ መርሐ ግብር

ጨዋታው እሑድ ከሆነ፣ ሰኞ የተጫወቱት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በሚወስድ ቀላል እንቅስቃሴ ሰውነታቸውን ያፍታታሉ። በተጠባባቂ ወንበር የቆዩት ግን በዚያው ቀን ሙሉ ልምምድ ይሠራሉ፤ ካልሆነ ተራቸው በደረሰ ጊዜ አቅም ያንሳቸዋል። ማክሰኞ ሙሉ ዕረፍት ነው። ረቡዕ የጉልበት ሥራና በጠባብ ሜዳ የሚደረግ ጨዋታ ይሰጣል። ሐሙስ የሳምንቱ ከባድ ቀን ሆኖ በሰፊ ሜዳ በሙሉ ፍጥነት ይሮጣል። ዓርብ ጫናው ይቀንሳል፤ ቅዳሜ ከአንድ ሰዓት ያነሰ፣ የቆመ ኳስ ላይ ያተኮረ ልምምድ ይበቃል። ከባዱ ቀን ሐሙስ ላይ መዋሉ ረቡዕንና ዓርብን ለሚጾሙ ተጫዋቾችም ይስማማል። በሳምንቱ መካከል ሌላ ጨዋታ ከተጨመረ የጉልበቱና የፍጥነቱ ልምምድ ይወጣና ቦታውን ማገገሚያ ይይዘዋል።

ደብተርና ሰዓት

ታላላቅ ክለቦች የተጫዋቾቻቸውን ሩጫ በሳተላይት መሣሪያ ይከታተላሉ። ያ በሌለበት አሜሪካዊው ተመራማሪ ካርል ፎስተር ያስተዋወቁት ዘዴ ደብተርና ሰዓት ብቻ ይጠይቃል። ከልምምዱ ግማሽ ሰዓት ያህል በኋላ ተጫዋቹ ልፋቱን ከ0 እስከ 10 ባለው ቁጥር ይመዝናል፤ ቁጥሩ በልምምዱ ደቂቃ ይባዛል። 90 ደቂቃ የፈጀና 6 የተሰጠው ልምምድ 540 ይሆናል፤ 45 ደቂቃ የፈጀና 3 የተሰጠው ደግሞ 135። የሳምንቱ ድምር ከቀደሙት ሳምንታት በድንገት ሲዘል አሰልጣኙ ሊጠነቀቅ ይገባል። ጠዋት ጠዋት ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ጡንቻ ሕመምና ስለ ስሜት የሚቀርብ አጭር ጥያቄም ብዙ ይናገራል።

በገጠር ቀበሌዎች ለሚኖር ወጣት ልፋቱ በሜዳ ብቻ አይወሰንም። በኅዳርና በታኅሣሥ ቀኑን ሙሉ ሲያጭድና ሲወቃ የዋለ ልጅ ማምሻውን ከከተማ ልጅ እኩል ልምምድ ቢሰጠው ውጤቱ ጉዳት ነው። የእርሻው ሥራም በደብተሩ ሊቆጠር ይገባል።

ማዕድ፣ ጾምና እንቅልፍ

በጨዋታ ዋዜማና በጨዋታ ቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት ከ6 እስከ 8 ግራም ኃይል ሰጪ ምግብ እንዲወሰድ ባለሙያዎች ይመክራሉ። አካባቢው ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የፎገራ ሩዝ፣ የደጋው ድንችና ገብስ፣ እንጀራና ዳቦ ይበቃሉ። በውኃና በጥቂት ጨው የተበጠበጠ በሶ ደግሞ ለመንገድም ለዕረፍት ሰዓትም የተመቸ ነው።

የ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም የሚውለው በውድድሩ እኩሌታ ነው። ሥጋ፣ ወተትና ዕንቁላል በሚቀሩበት ጊዜ ሽሮ፣ ምስር፣ አተርና ባቄላ ከእህል ጋር ሲበሉ ለጡንቻ መጠገኛ የሚሆነውን ፕሮቲን ያሟላሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾም ተጫዋች ልምምዱ ማዕድ ከሚቀርብበት ሰዓት ጥቂት ቀደም ብሎ እንዲያበቃ ማድረግ ይጠቅማል፤ እንደጨረሰ ይመገባልና። በጨዋታ ቀን እንዴት እንደሚጾም ግን ተጫዋቹ ከንስሐ አባቱ ጋር የሚመክርበት ጉዳይ ነው፤ የአሰልጣኙ ድርሻ ውሳኔውን አክብሮ ጫናውን ማስተካከል ነው። በደጋ ለሚኖር ሰው ብረት ያለው ምግብ ይበልጥ ያስፈልገዋል፤ ቡናና ሻይ ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ስለሚያውኩ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቢዘገዩ መልካም ነው።

የውኃን ነገር ሚዛን ይፈታዋል። ከክብደቱ ከ2 በመቶ በላይ በላብ ያጣ ተጫዋች አቅሙ ይቀንሳል። 65 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሰው ይህ 1.3 ኪሎ ግራም ነው። ላጣው ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም አንድ ሊትር ተኩል ያህል ቀስ እያለ ቢጠጣ ይተካል። ከሁሉም በላይ ግን በሌሊት ከ7 እስከ 9 ሰዓት መተኛትን የሚተካ ማገገሚያ የለም።

ጉዳትን መከላከልና መመለስ

ከ2001 ጀምሮ የአውሮፓ ክለቦችን የሚከታተለው የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ጥናት 25 ተጫዋቾች ያሉት ቡድን በአንድ ዓመት 50 ያህል ጉዳት እንደሚያጋጥመው አሳይቷል። የጭን የኋላ ጡንቻ ጉዳት ድርሻ በጥናቱ መጀመሪያ ከጠቅላላው ጉዳት 12 በመቶ የነበረ ሲሆን ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ወደ 24 በመቶ ደርሷል።

መከላከያው ርካሽ ነው። ፊፋ ያዘጋጀው «11 ፕላስ» የተባለው የ20 ደቂቃ ማሟሟቂያ ሩጫን፣ የጉልበት ሥራንና ሚዛን መጠበቅን ያጣምራል፤ ከሜዳና ከኳስ በቀር መሣሪያ አይፈልግም። በኖርዌይ ከ1,800 በላይ በሆኑ ታዳጊ ሴት ተጫዋቾች ላይ ተሞክሮ ከባድ ጉዳትን በግማሽ ያህል ቀንሷል። ተንበርክኮ፣ ቁርጭምጭሚትን ጓደኛ ይዞ፣ ቀስ ብሎ ወደ ፊት መውደቅም የጭንን የኋላ ጡንቻ ያጠነክራል።

ቀደም ሲል መጎዳት ለቀጣይ ጉዳት ዋነኛ ምክንያት ነው። ጉዳት በደረሰባቸው የመጀመሪያ ሁለትና ሦስት ቀናት ቦታውን በጠንካራ እጅ ማሸትና ማሞቅ እብጠትን ያባብሳል፤ ጥሩ ወጌሻ መጀመሪያ ያሳርፋል፣ ያስራል፣ ከፍ አድርጎ ያስቀምጣል። ተጫዋቹ የሚመለሰውም ሕመሙ ስለጠፋ ብቻ አይደለም። በሙሉ ፍጥነት ሮጦ፣ ቆሞና ዞሮ ከቡድኑ ጋር ሙሉ ልምምድ ከሠራ በኋላ ሊሆን ይገባል።

በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት በጊዜያዊነት የተፈቀደውና በ2022 ቋሚ የሆነው የአምስት ተቀያሪዎች ሕግ ለአሰልጣኞች ጥሩ ዕድል ሰጥቷል። ውጤቱ በተረጋገጠ ጨዋታ የደከመውን ኮከብ በ60ኛው ደቂቃ አስወጥቶ ወጣቱን ማስገባት ለሁለቱም ይጠቅማል፤ አንዱ ያርፋል፣ ሌላው ይለምዳል። ደጋፊ በዚያ ቅጽበት ቅር ሊሰኝ ይችላል። በግንቦት ወር የዋንጫ ወይም ላለመውረድ የሚደረግ ጨዋታ ሲመጣ ግን ያ ኮከብ ከሜዳ ዳር ሳይሆን ከሜዳ ውስጥ ይገኛል።