ከኦክላንድ ምድር ቤት የወጣ ባቡር፦ ስለ ጊዛ፣ ስለ ነሐስና ስለ መዳብ

እንደሚታወቀው ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1917 ነው። ባቡሩን ያመጡልን ፈረንሳዮች ይሁኑ እንጂ የጋራዥ ቋንቋችን በብዛት የጣሊያን ነው። ብረት የሚላግበትን ማሽን ቶርኖ፣ ቀልጦ በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ የሚፈሰውን ብረት ጊዛ እንላለን። እነዚህን ሁለት ቃላት የሚያውቅ አንባቢ ካለ፣ እዚህ በቤይ ኤሪያ ኮረብታ ላይ የሚሠራው ሥራ እንግዳ አይሆንበትም።

በቲልደን ፓርክ ልጆቻችንን የምናሳፍርበትን የእንፋሎት ባቡር ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ኤሪክ ቶምሰን በ1952 የጀመረው የሬድውድ ቫሊ ባቡር ነው፤ የሐዲዱ ስፋት 15 ኢንች። በሳን ሆዜ በኩል ላለነው ደግሞ የሎስ ጋቶሱ ቢሊ ጆንስ ቅርብ ነው። ጆንስ የሳውዝርን ፓሲፊክ ባቡር ነጂ ነበር፤ በ1905 የተሠራችውን ሎኮሞቲቭ በ1939 ከቁርጥራጭ ብረትነት አዳናት። እርሱ በ1968 ካረፈ በኋላ ባቡሩ በ1970 ለሕዝብ ተከፈተ።

እኔን የበለጠ የሚገርመኝ ግን በዚያው በቲልደን ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው ጎልደን ጌት ላይቭ ስቲመርስ የተባለው ማኅበር ነው። በ1936 በኦክላንድ ከተማ፣ በቪክቶር ሻቶክ መኖሪያ ምድር ቤት ውስጥ ተመሠረተ። አባላቱ የሚሠሩት መጫወቻ አይደለም፤ እሳት ይነድበታል፣ ውኃ ይፈላበታል፣ ሰው ይጎትታል። እንዲህ ያለ ትንሽ ሞተር በከሰል ነድዶ ሰው መጎተት መቻሉ ራሱ አንድ ጊዜ ሲያከራክር ነበር። በ1924 ለንደን ላይ ከርሊ ሎረንስ የተባለው ጸሐፊ 2½ ኢንች ሐዲድ ላይ የምትሄደውን «አየሻ»ን አምጥቶ ክርክሩን ዘጋው።

ለመሆኑ ትልቁን ባቡር በልኩ ማሳነስ አይበቃም? አይበቃም። በምዕራብ አሜሪካ የተለመደው ባለ 7½ ኢንች ሐዲድ ሎኮሞቲቭ የእውነተኛው አንድ ስምንተኛ ነው። የትልቁ ቦይለር ግድግዳ 16 ሚሊሜትር ቢሆን የትንሹ 2 ሚሊሜትር ሊሆን ነው። ዝገት ግን ከባቡሩ ጋር አያንስም። አንድ ሚሊሜትር ቢበላ ከትልቁ አንድ አሥራ ስድስተኛውን፣ ከትንሹ ግማሹን ይወስዳል። ስለዚህ እንግሊዞች የማይዝገውን መዳብ በብር ብየዳ እያያያዙ ሠሩ፤ አሜሪካኖች በተለይ በትልልቆቹ ልኮች ልኩን ትተው ወፍራም የአረብ ብረት መበየድ ወደዱ። ብረቱ ርካሽ ነው፣ በያጅም አይጠፋም። ለትንሹ ልክ ግን፣ ውድ ቢሆንም፣ እኔ መዳብ እላለሁ።

እዚህ ላይ አማርኛችን ትንሽ ያስቸግራል። ናስና ነሐስ እያልን እንቀላቅላለን። ለማንቆርቆሪያ ግድ የለም፤ ለቦይለር ግን ግድ አለው። መዳብ ከዚንክ ጋር ሲቀልጥ አንድ ነገር ነው፣ ከቆርቆሮ ጋር ሲቀልጥ ሌላ (የቤት ክዳኑን ሳይሆን ማዕድኑን ማለቴ ነው)። የፈላ ውኃ ዚንኩን እያጠበ ያወጣውና የሚቀረው መልኩ ያልተለወጠ፣ ውስጡ ግን እንደ ስፖንጅ የሆነ መዳብ ነው። ከውጭ ሲታይ ደህና ይመስላል። ስለዚህ በቦይለሩ ላይ ቧንቧ የሚታሰርባቸው ጥርስ ያላቸው ቀለበቶች ሁሉ ባለ ቆርቆሮው ቅይጥ መሆን አለባቸው።

ለሲሊንደር ጊዛን የሚያህል የለም። በውስጡ ያለው ግራፋይት ራሱ እንደ ቅባት ያገለግላል፤ ፒስተኑም ከጊዛ ቢሆን ሁለቱ ተስማምተው ይለሰልሳሉ። ችግሩ እርጥበት ነው፦ ከጉዞ በኋላ ውኃውን አስወጥቶ ዘይት ያላጠጣ ሰው በሚቀጥለው ወር የተጣበቀ ፒስተን ያገኛል። በጣም ትንንሽ ሞተሮች ላይ ሲሊንደሩን ከነሐስ የሚሠሩት ለዚህ ነው። ጊዛው ደግሞ ከየትም አይለቀምም። የድሮ መስኮት በገመድ የሚያነሣው የብረት ክብደት በነጻ ቢገኝም ውስጡ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ቦታ ስላለው የቶርኖውን ቢላ ይሰብራል። ደህናውም ጊዛ ቢሆን ቆዳው አሸዋ የያዘና ጠንካራ ነው፤ የመጀመሪያው ቅርፍ ከቆዳው በታች ጠልቆ መግባት አለበት፣ በስሱ የሚፈቀፍቅ ቢላውን ያደንዛል።

12ኤል14 የሚባለው እርሳስ ያለበት ብረት በቶርኖ ላይ እንደ ቅቤ ይቆረጣል፤ ጀማሪ ሁሉ ይወደዋል። ለብሎንና ለትንንሽ ዘንጎች መልካም ነው፤ ለብየዳ ግን አይሆንም፣ ቶሎም ይዝጋል። በእንፋሎት ውስጥ ወጥቶ የሚገባው የፒስተን ዘንግ ከማይዝግ ብረት ቢሆን ይሻላል።

ቦይለሩ አልቆ እሳት ከመነደዱ በፊት በቀዝቃዛ ውኃ ይፈተናል፤ የተለመደው ልክ ከሥራ ግፊቱ አንድ ጊዜ ተኩል ነው። ውኃ እንደ እንፋሎት ተጨምቆ ኃይል አያከማችምና ብየዳው ቢከፈት ጠብ ይላል እንጂ አይፈነዳም። ከነጂው ኋላ የሚቀመጡት የሰው ልጆች ናቸው፤ ስለዚህ ፈተናውን ሠሪው ብቻውን ሳይሆን ሌላ ሰው አብሮ ቆሞ፣ መለኪያውን እያየ ያስፈጽመዋል።